ፊት ያልተሳለለት አያት

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ክራቫታቸውን አሰሩ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ የቤታቸውን ቆሻሻ በሁለት ከረጢት አንጠልጥለው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ገንዳ አመሩ። ቆሻሻ ሊጥል ክራቫት የሚያስር ሰው በሰፈሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ፊት ለፊት «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሼ መጥረጊያ»። ዕድሜ ልካቸውን የንጽህና ተቆጣጣሪ ሆነው ቤት ለቤት ዞረዋል። ያቆረ ውሃ ሲያዩ አስደፍተዋል፣ አይጥ የተራባበት አሮጌ ካርቶን ሲያዩ አስጥለዋል፣ «የአባቴ ዕቃ ነው፣ አይጣልም» ያለውን ሁሉ ቁጭ አድርገው መክረው አሳምነዋል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰፈር ብዙ ሕፃን ከበሽታ የዳነው በእሳቸው ጭቅጭቅ ነው። ጡረታ ሲወጡ ግን የሚቆጣጠሩት ቤት የራሳቸው ብቻ ሆነና ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ቤት ላይ አረፈ። በቤታቸው ባዶ የሆነ ዕቃ አያድርም፤ ሕጉ ይኸው ነው።

ገንዳው ጋ ሲደርሱ ክው ብለው ቆሙ። አንዲት ወጣት ሴት ከወገቧ በላይ ገንዳው ውስጥ ገብታ አንድ ነገር ትጎትታለች።

«ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉ ከረጢታቸውን እንደያዙ። «ወርቅ ከሆነ ሰው ልጥራልሽ።»

ወጣቷ ቀና አለች። እንቁላል የሚደረደርበት ካርቶን ይዛለች፤ ፊቷ ላይ እፍረት የሚባል ነገር የለም። «እንደምን አደሩ ጋሼ? ኧረ ምንም አልጠፋብኝም። እንዲያውም ዛሬ ቀንቶኛል።»

ድምጿን ሲሰሙ አወቋት። የልጅ ልጃቸው የሚጢ አስተማሪ ናት፤ ከሰፈሩ ግርጌ ባለው መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ጠዋት ጠዋት ሕፃኗን በር ላይ ሲያስረክቡ ሰላም ይባባላሉ እንጂ ቁም ነገር አውርተው አያውቁም።

«አንቺማ መምህርት ነሽ» አሉ ወቀሳ በተቀላቀለበት ድምፅ። «መምህርት ገንዳ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ለልጆቹ ነው ጋሼ። ይህን ቆራርጠን ቀለም ስንቀባው አባጨጓሬ ይሆናል።»

«አባጨጓሬ ከፈለግሽ ከጓሮዬ እሰጥሻለሁ። እሱን ላጠፋ ስንት ዘመኔ።»

ወጣቷ ሳቀች፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከረጢታቸውን መሬት አስቀመጡና የድሮውን የሥራ ድምፃቸውን አወጡ። ያ ድምፅ ሲወጣ ምክር እንደሚከተል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ስሚኝ ልጄ። ሥራሽን አከብራለሁ። ግን በዚህ ካርቶን እጥፋት ውስጥ በረሮ እንቁላሉን እንደሚጥል ታውቂያለሽ? እኛ ሰውን ከቆሻሻ ለመለየት ስንት ዘመን ለፋን፤ አንቺ ደግሞ ቆሻሻውን መልሰሽ ለሕፃን እጅ ትሰጫለሽ። ሁለተኛ፣ ወላጅ ልጁን የሚልከው ፊደል እንዲቆጥር ነው። ሦስተኛ፣ ሰው ምን ይላል? መጫወቻ መግዛት አቅቷቸው ልጃቸውን በቆርኪ ያጫውታሉ አይልም?»

«ሦስቱንም ሰምቻለሁ ጋሼ፤ ለሦስቱም መልስ አለኝ። ገንዳ ዳር ቆመን ግን አይሆንም» አለች በትሕትና። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። ሚጢ እጇ የተባረከ ነው። ሰሞኑን በጫማ ካርቶን የሠራችውን ወደ ቤት ይዛ ሄዳለች። አላሳየችዎትም?»

ሽማግሌው ከዚህ ሁሉ የሰሙት «የጫማ ካርቶን» የሚለውን ብቻ ነው። የጫማ ካርቶን፣ ያውም በእሳቸው ቤት! ከረጢቶቹን ገንዳው ውስጥ ጣሉ፣ «ደህና ዋይ» አሉና ፈጠን ፈጠን እያሉ ተመለሱ።

ሚጢ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ የሽማግሌው ብቸኛ ልጅ፣ ነርስነት ልትማር ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ከአያቷ ጋር ትኖራለች። ሽማግሌው እሷን የሚወዱትን ያህል የሚወዱት ነገር በዓለም ላይ የለም፤ ፍቅራቸውን የሚገልጹት ግን እጇን በማስታጠብ፣ ጥፍሯን በመቁረጥና አንገትጌዋን በማስተካከል ነው። የመጣች ዕለት ትልቅ አሻንጉሊት ገዝተውላታል፤ ፊት ለፊቱ የላስቲክ መስኮት ባለው ካርቶን ውስጥ የቆመች፣ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ። እንዳትቆሽሽ ብለው ከነካርቶኗ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀሏት። ሚጢ አንገቷን አቅንታ ታያታለች። እንዲህ ያለ አሻንጉሊት በብዙ ቤት አለ፤ ልጁን የሚጠብቀው ሰው ባይኖር እንኳ አሻንጉሊቱን የሚጠብቅ አይጠፋም።

ያን ጠዋት ሚጢ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነበረች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አልጋዋ ሥር አዩ። ከሻንጣዋ ጀርባ በአሮጌ ሹራብ ተሸፍኖ የጫማ ካርቶኑ ተቀምጧል። ከፈቱት። ሶፍት ሲያልቅ የሚቀሩ ክብ ካርቶኖች፣ የክብሪት ቀፎ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ የደረቀ ኮላ፣ የመጥረጊያ ስንጥር። «ይኸው» አሉ ለራሳቸው፣ «የአይጥ ጎጆ ማለት ይህ ነው።» ወዲያው የቆሻሻ መኪናው ጥሩንባ ከመንገድ ተሰማ። ሽማግሌው ለዕድሜያቸው በማይመች ሩጫ ወጡና ካርቶኑን ለሠራተኛው በእጃቸው አቀበሉት። ሲመለሱ ልባቸው ቅልል ብሎት ነበር።

ከቀትር በኋላ ሚጢ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ወደ ክፍሏ ገባች። ሽማግሌው ሳሎን ሆነው አልጋ ሥር ስትገባ ይሰማቸዋል። ልቅሶ ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ የሚሰጡትንም ምክር አዘጋጅተዋል። ልቅሶ ግን አልመጣም። ሕፃኗ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ካርቶኑስ?»

«ጣልኩት የኔ ልጅ። ቆሻሻ ነው። መኪናው ወሰደው።»

ሚጢ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እራት ሲቀርብ ጥቂት ቀማምሳ ተወችው። ማምሻውን እናቷ እንደ ወትሮዋ ስትደውል ሽማግሌው የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ሰጧት።

«ሚጢዬ፣ እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ?»

ሕፃኗ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «እማዬ፣ ከቆሻሻ መኪናው ወረድሽ?»

«ምን አልሽኝ?»

«አባባ ጣለሽ። አልጋሽንም ጣለው።» ይህን አለችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ገባች።

ልጃቸው ከወዲያ በኩል «አባዬ፣ ምንድነው የምትለው?» እያለች ትጠይቃለች። የሽማግሌው ዓይን ግን የሚጢ በር ላይ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ስንት ቤት ገብተው ስንት ዕቃ ሲያስጥሉ፣ የጣሉት ነገር ስም ይኖረው እንደሆነ አስበው አያውቁም ነበር።

እሁድን ሙሉ ሚጢ አላነጋገረቻቸውም። ኩርፊያ ቢሆን ደግ ነበር፤ ያኮረፈ ልጅ በከረሜላ ይታረቃል። እሷ ግን ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲያዟት ትታዘዛለች፣ ሲጠይቋት ራሷን ትነቀንቃለች። ድምጿን ብቻ ነፈገቻቸው። ለካ ያ ቤት ቤት የሚመስለው በዚያች ትንሽ ድምፅ ነበር። ሽማግሌው ሬዲዮ ከፍተው ዘጉት፣ የተጠረገውን ወለል ደግመው ጠረጉት፤ ምንም አልሆነላቸውም።

ሰኞ ጠዋት ሕፃኗን ካስረከቡ በኋላ ወደ ቤት አልሄዱም። ልጆቹ ለጨዋታ እስኪወጡ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁና ወደ ክፍሉ ገቡ። መምህሯ ወንበር አቀረበችላቸው። ያላት የልጆች ወንበር ብቻ ስለሆነ ጉልበታቸው ደረታቸው ድረስ ወጣ።

«ልጄ» አሉ፣ «እዚያ ካርቶን ውስጥ ምን ነበር?»

መምህሯ ፊታቸውን አየችና ነገሩ ገባት። «ጣሉት እንዴ ጋሼ?»

«ጣልኩት።»

ወጣቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔም ጥፋት አለብኝ። አጥብቄ ልነግርዎት ሲገባ በሳቅ አለፍኩት። ካርቶኑ ቤት ነበር ጋሼ፤ የእናንተ ቤት። በክብሪት ቀፎ ሦስት አልጋ ሠርታለች፣ በክቦቹ ካርቶኖች ደግሞ ሦስት ሰው። አንዷ እናቷ ናት። ከነጭ ወረቀት የነርስ ቆብ አድርጋላታለች፤ ልብሷ ልብስ ሰፊዋ ከሰጠቻት ቁራጭ ነው። ካርቶኑ እዚህ ሳለ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት እናቷን አልብሳ ታስተኛታለች። ሁለተኛዋ ራሷ ናት። ሦስተኛው እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«መጥረጊያ አስይዛዎታለች። ስንጥሩን ከግቢው መጥረጊያ ለቅማ ነው ያሰረችው።»

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «ፊቴስ ምን ይመስል ነበር?»

መምህሯ አመነታች። «ፊት አልሳለችልዎትም። ለእናቷም ለራሷም ዓይንና አፍ አድርጋለች። የአባባን ለምን ተውሽው ስላት፣ ‹አባባ ሁልጊዜ ጎንበስ ብሎ ነው የሚጠርገው፤ ፊቱ አይታየኝም› አለችኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ንጹህ የሆነውን መስታወት በመሐረባቸው አሹት፤ መልሰው አደረጉት። ግን የድሮ ሰው ናቸውና እንባቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ክርክራቸው ተመለሱ።

«እሺ። ልቤ ተነክቷል። ልብ መነካት ግን ማስረጃ አይደለም፤ በሐዘኔታ ብቻ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ነገ መልሶ ይለውጠዋል። ቅዳሜ ሦስት ነገር ጠይቄሽ ነበር።»

«ከፊደሉ ልጀምር» አለች መምህሯ። «ሚጢ መጀመሪያ ስትመጣ እርሳስ ስትይዝ ጣቷ ይዝል ነበር። አንድ ፊደል ሳትጨርስ ትተወዋለች። ከዚያ ወረቀት ስትቀድ፣ በመቀስ ስትቆርጥ፣ ክር በቆርኪ ቀዳዳ ስታስገባ ከረመች። አሁን እርሳሱ እሺ ይላታል። ክብና አራት ማዕዘን፣ ረጅምና አጭር፣ ብዙና ትንሽ የሚባለውንም የተማረችው እዚያው ላይ ነው። እኔ ፊደሉን አልተውኩም ጋሼ፤ መንገዱን ነው ያስተካከልኩት።»

«መቁረጡን ትቁረጥ፣ አልተጣላሁም። ለምን በተገዛ ንጹህ ወረቀት አይሆንም?»

«የተገዛ ነገር ሲበላሽ ልጁ ይደነግጣል፤ እኛም እንቆጣለን። አይቆጡኝና፣ ቁም ሳጥን ላይ ስላለችው አሻንጉሊት ሚጢ ነግራኛለች። ‹የእኔ ናት ግን አትነካም› ነው ያለችው።»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጡ።

«ሶፍት ያለቀበት ካርቶን ግን» ብላ ቀጠለች፣ «ቢበላሽ የሚቆጣ የለም። ልጁ ይሳሳታል፣ ይተወዋል፣ ሌላ ያነሳል። ሳይፈራ መሞከርን ይለምዳል። ያች አሻንጉሊት ሁልጊዜም ያችው አሻንጉሊት ናት። ክቡ ካርቶን ዛሬ ሰው፣ ነገ ዛፍ፣ ከዚያ በኋላ የመርከብ ጭስ ማውጫ ይሆናል፤ የሚወስነው ልጁ ነው። ደግሞም ልጅ የሆዱን ሁሉ በአፉ አይናገርም። ሚጢ እናቷ እንደናፈቀቻት ነግራዎት ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«በካርቶኑ ግን ነግራዎት ነበር።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ውጭ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ የሚጢን ድምፅ ለመለየት ጆሮአቸውን አቀኑ፤ አልሆነላቸውም።

«የሰው አፍስ?» አሉ በለሰለሰ ድምፅ።

«እርስዎ ሰፈሩን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ሲሉት አልሳቀብዎትም?»

«ስቋል እንጂ። ‹ጋሼ መጥረጊያ› ያለኝም ያኔ ነው። የማላውቅ ይመስላቸዋል።» አሁን በእርግጥ ፈገግ አሉ።

«ግን አፍልቶ ጠጣ። ይህም እንዲሁ ነው። የቀረው ንጽህናው ነው፤ በእሱ ላይ እውነቱ የእርስዎ ነው ጋሼ። እኔ ካገኘሁበት እያነሳሁ ነው የማመጣው።» ተነሥታ የቅዳሜውን የእንቁላል ካርቶን አመጣችላቸው።

ሽማግሌው ተቀብለው አገላበጡት፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ኳ ኳ አደረጉት። ከእጥፋቱ ውስጥ የደረቀ ቅርፊትና አንዲት የሞተች በረሮ ወደቀች። መምህሯ ፊቷ ቀላ። ሽማግሌው ግን አልፎከሩባትም።

«ጥፋቱ የካርቶኑ አይደለም፤ የገንዳው ነው» አሉ በሐሳብ። «ዕቃ ቤት ውስጥ ባዶ ስለሆነ ብቻ ቆሻሻ አይሆንም። የሚቆሽሸው ከቆሻሻ ጋር ስንቀላቅለው ነው። ስለዚህ ከቤት ሳይወጣ መለየት፣ በሳሙና የሚታጠበውን ማጠብ፣ የማይታጠበውን አራግፎ ፀሐይ ላይ ማዋል። የመድኃኒትና የጥሬ ሥጋ ዕቃ ጨርሶ አይገባም። የተቆረጠ ቆርቆሮ ለሕፃን አይሰጥም። ዕቃ አፉ ውስጥ የሚከት ታናሽ ልጅ ባለበት ክፍል ቆርኪና ቁልፍ አይቀመጥም።» የገዛ ቤታቸውን ሕግ እየሻሩ መሆናቸው የገባቸው ይህን ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው።

«ይህን የሚቆጣጠርልን ሰው የለንም» አለች መምህሯ፣ ቀስ ብላ።

«አሁን አላችሁ» አሉ ሽማግሌውና ከትንሿ ወንበር ለመነሣት እጇን ያዙ።

በዚያው ሳምንት ሰፈሩ ጉድ አየ። ጋሼ መጥረጊያ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ቤት ለቤት እየዞሩ «ባዶ ዕቃ አለሽ? ገንዳ ሳይገባ ስጪኝ» ይላሉ። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ሲቆሙ መርፌዋን ከአፏ አወጣች።

«ጋሼ፣ ጤና የለዎትም እንዴ? እኔ ይህን ቁርጥራጭ ከሱቄ ሥር ስላከማቸሁ ስንት ዘመን አልወቀሱኝም?»

«ወቅሼሻለሁ፤ አሁንም ካከማቸሽው እወቅስሻለሁ። የምጠይቅሽ እንድታከማቺ ሳይሆን እንድትሰጪ ነው» አሉና እንደ ድሮው ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። «ይህ ቁራጭ በልጅ እጅ ሲገባ እጁን ያፍታታል፣ ትዕግሥት ያስተምራል፣ ዓይኑን ያነቃል። ሠርቶ ማሳየት የለመደ ልጅ ነገ ሲጎድለው ከመለመን በፊት ያለውን ዕቃ አገላብጦ ያያል። ወላጁም አብሮ ከተቀመጠ ልጁ የሆዱን ያጫውተዋል። ገንዳውም እንደ በፊቱ ሞልቶ አይፈስም። ይህን ሁሉ ጥቅም እኔ እስከ ዛሬ በእጄ ለመኪና ሳቀብል ኖሬያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ከረጢት ሙሉ ሰጠቻቸው። «ሚጢስ ታረቀችዎት?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ገና ናት» አሉ ሽማግሌው፣ ፊታቸው እየጠቆረ።

እሁድ ከሰዓት አሻንጉሊቷን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረዱ። ካርቶኗን ከፍተው አሻንጉሊቷን ለሚጢ አስታቀፏት። ሚጢ የአሻንጉሊቷን ጸጉር ዳበሰች፤ ዓይኗ ግን ባዶው ካርቶን ላይ ነበር። ባለ መስኮት ካርቶን! ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፉ፤ በዱቄትና በውሃ ያበሰሉትን ሙጫ፣ የታጠቡትን ቆርኪዎች፣ ክቦቹን ካርቶኖች፣ ጫፉ ደነዝ የሆነውን መቀስ ደረደሩ። ለሚጢ ወንበር ሳቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

መጀመሪያ እናቷን ለመሥራት ሞከሩ። የነርሷ ቆብ ተንሸራቶ አፍንጫዋ ላይ ወረደ። ሚጢ ከእጃቸው ወሰደችና አቃናችው። የክብሪት ቀፎውን ሲያጣብቁ ጣታቸው አብሮ ተጣበቀ፤ ሚጢ አላቀቀችላቸው። ራሷን ሠራች፣ ለሦስቱም አልጋ አነጠፈች፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እንዲያዩ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሽማግሌው ተነሥተው ከቁም ሳጥን ያረጀ ክራቫታቸውን አመጡ፣ ጫፉን ቆርጠው ሰጧት። ሚጢ በሦስተኛው ክብ ካርቶን አንገት ላይ አሰረችው።

ሽማግሌው ጠረጴዛው ሥር የተበተነውን የወረቀት ቁርጥራጭ ድንገት አዩ። እጃቸው በራሱ ጊዜ ሄደ፤ ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ።

«አባባ።»

እጃቸው ባለበት ቆመ። ያን ድምፅ ሳይሰሙ ሳምንት ከርመዋል።

«አባባ፣ ቀና በል። ፊትህን ልሥልህ።»

ሽማግሌው የለቀሙትን ቁርጥራጭ እዚያው ወለሉ ላይ ለቀቁትና ቀና አሉ። ሚጢ እርሳሷን ይዛ ወደ እሳቸው ተጠጋች። ግንባራቸውን አየች፣ መነጽራቸውን አየች፣ ጉንጫቸውን በሙጫ በተጨማለቀ ጣቷ ነካችው። አላበሱትም።

«ታለቅሳለህ እንዴ?»

«ሙጫው ነው የኔ ልጅ።»

«አትነቃነቅ እሺ» አለች ሚጢ። «ዓይንህን ገና አልጨረስኩም።»